ውሸት ካርቶን የለውም

ጡረታ የወጣሁት ሐምሌ ላይ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ተመልሼ እዚያው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ተገኘሁ። ብዙ ዓመት ዘበኛ ሆኜ የቆምኩበት በር ስለሆነ እግሬ ራሱ ነው የሚወስደኝ። አዲሱ ዘበኛ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበሩን ይለቅልኛል፤ እኔ ግን መቀመጥ ያሳፍረኛል። እንዲህ ስመላለስ አንዲት የአማርኛ መምህርት፣ ገና ወጣት ናት፣ ከዋጫ ከተማ የመጣች፣ አንድ ቀን ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ እንዲያው ከሚቆሙ የንባብ ክፍሉን ቁልፍ ለምን አይዙልኝም?» አለችኝ።

«እኔ እኮ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ልጄ» አልኳት።

«ማንበብ ይችላሉ አይደል?»

«ቀስ እያልኩ።»

«ልጆቹም ቀስ እያሉ ነው የሚያነቡት» አለችና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

እውነቷን ነው፤ ቀስ እያልኩ ነው የማነበው። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። አማርኛውንም የለመድኩት ከተማ ገብቼ ነው፤ እናቴ ያሳደገችኝ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው። ዛሬም ሳዝንና ስቆጣ የሚመጣልኝ ካፊኖኖው ነው። ይህን የምጽፈው በአማርኛ የሆነው ልጅቷ የምታነበው በአማርኛ ስለሆነ ነው። ልጅቷ ያልኳት የልጄን ልጅ ነው፤ ስለ እሷ ነው የምጽፈው።

የንባብ ክፍል የምንለው ድሮ አካፋና መጥረጊያ ይቀመጥበት የነበረ ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቦንጋ ደግሞ ዝናቡ ቀጠሮ አያከብርም፤ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ማንም ማንንም አይሰማም። ልጆቹ አፌን እያዩ ይጠብቃሉ፤ እኔም ዝናቡ እስኪበርድ ዝም እላለሁ። ዝምታ የለመደ ሰው ስለሆንኩ አይከብደኝም ነበር።

መምህርቷ የአራተኛ ክፍል ልጆችን የጽሑፍ ዓይነቶች ማስተማር ነበረባት። ከሱቅ አራት ባዶ የዘይት ካርቶን አምጥታ ተራ በተራ ደረደረቻቸው፤ ተረት፣ ግጥም፣ ልብ ወለድ፣ እውነተኛ ታሪክ ብላ በትልቁ ጻፈችባቸው። ልጆቹ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ እያነሱ በየካርቶኑ እንዲያስገቡ ነው። መጀመሪያ ቀን ያደረጉትን ብታዩ ትስቃላችሁ። አንዷ እንስሳ ያለበትን መጽሐፍ ሁሉ ተረት ውስጥ ከተተችው፤ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳተመው የንብ አያያዝ መጽሐፍ ሳይቀር።

«ንብ ትናገራለች እንዴ እዚህ ውስጥ?» አልኳት።

«አላነበብኩትም» አለች። «ሥዕሏ ግን አለ።»

ሌላው ልጅ ቀጭን ቀጭኑን ግጥም፣ ወፍራም ወፍራሙን ታሪክ ብሎ ለየ። መምህርቷ ግንባሯን ይዛ ቁጭ አለች። በተማረችው ደንብ ታስረዳቸዋለች፤ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፤ መጽሐፉን ሲያነሱ ግን እዚያው ናቸው።

እኔ የማውቀው ሽምግልና ነው። እኛ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው፤ ዛፉ ደግሞ ጫካ ውስጥ ነው፤ ጫካው የእገሌ ነው የእገሌ አይደለም እየተባለ ስንት ወንድማማች ተጣልቷል። ማንኪራ መንደር በኩል ስንት ቀን ከዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ሰው አስታርቄአለሁ። ሽማግሌ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሰውየው ማነው? ቦታው የት ነው? እማኙ ማነው? በዚህ ነው እኔ ልጆቹን ማስተማር የጀመርኩት።

«መጽሐፉን አንሡና እንደ ሽማግሌ ጠይቁት» አልኳቸው። «ማነው? በሉት። አንበሳ ነኝ፣ ጦጣ ነኝ ካላችሁ፣ ቦታውንም አንድ ጫካ ካላችሁ፣ ተረት ነው፤ እማኝ አትጠይቁት። ተረት ሲጀመር ምን ትላላችሁ?»

«ተረት ተረት፣ የላም በረት» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«አያችሁ፣ ያን ስትሉ ተስማምታችኋል። የሚያወራውም የሚሰማውም ያልተደረገ መሆኑን ያውቃል። ልብ ወለድ ደግሞ ሰው አለው፣ ስም አለው፣ ቦታም አለው፤ ሰውየው ጎረቤታችን ሊሆን ይችል ነበር። ግን ሄዳችሁ ብትጠይቁ እማኝ አታገኙም፤ ጸሐፊው ከልቡ ነው ያመጣው። እውነተኛ ታሪክ ግን እማኝ አለው። ቆሞ፣ ነበርኩ፣ አይቻለሁ የሚል ሰው።»

ይህ ገባቸው። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ባነሡ ቁጥር «እማኝ» እያሉ ይጯጯሃሉ። መምህርቷም ሳቀችና፣ «አባባ፣ የኔን ደመወዝ ሊወስዱ ነው» አለችኝ።

ከልጆቹ መካከል ጠበቃ ብዬ የምጠራት አንዲት ልጅ ነበረች። ሳትከራከር አትውልም። እሷ ናት እጇን አንሥታ፣ «አባባ፣ ውሸትስ የትኛው ውስጥ ነው የሚገባው?» ያለችኝ።

«ውሸት ካርቶን የለውም» አልኳት።

«ለምን? ልብ ወለድም እኮ ያልተደረገ ነው።»

«ልብ ወለድን የሚያነበው ሰው ያልተደረገ መሆኑን ያውቃል። ተስማምቶ ነው የሚያነበው። ውሸት ግን የሚናገረው ብቻ ያውቃል፤ የሚሰማው አያውቅም። ልዩነቱ እሱ ነው።»

ይህን ስናገር የልጄ ልጅ፣ እሷም አራተኛ ክፍል ናትና፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ እርሳሷን ትቀርጽ ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም ወደ እሷ ማየት ፈራሁ።

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ።

እናቷ የኔ ልጅ ነበረች፤ አንዲት ሴት ልጄ። የልጅቷ አባት ገና ሳትወለድ ሥራ ፍለጋ ብሎ ሄዶ አልተመለሰም፤ እሱን እዚህ ላይ እንተወው። ልጄ ቡና ለቅማ፣ ጀንፈሉን አድርቃ፣ ገበያ አውጥታ ነበር ልጇን የምታሳድገው። አንድ ኅዳር ታመመች። ጅማ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሦስተኛው ቀን ጠዋት እዚያው አረፈች። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል፤ በማንም አላማርርም። አስከሬኗን ይዤ ስመለስ ልጅቷ አራት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

ማርዳት ማለት እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ሰው የሞተበትን እንዲሁ መንገድ ላይ አግኝተህ አትነግረውም። ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ማለዳ ከቤቱ ሳይወጣ ይደረስበታል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቆማል። እስከዚያ ሁሉም ሰው አፉን ይዘጋል፤ ሳምንትም ቢሆን ወርም ቢሆን። ለልጅ ደግሞ ማን ያረዳል? ድንኳኑ ሳይተከል ልጅቷን ማንኪራ እህቴ ዘንድ ላክናት። ለቅሶው አለቀ፣ ድንኳኑ ተነሣ፣ ልጅቷ መጣች። «እማዬስ?» አለች። ባለቤቴ፣ «አረብ አገር ሄዳለች፣ የኔ እናት፤ ሥራ ልትሠራ» አለቻት። ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ሰማ፤ ማንም አፉን አልከፈተም። ደግ ሰዎች ስለሆኑ ነው። መርዶውን እስክናረዳት ይጠብቁን ነበር። ስድስት ዓመት ጠበቁን።

ለምን እንዳላረዳናት ሲባል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከጅማ ስመለስ ባለቤቴ ደጄ ላይ ወድቃ፣ «ምን አለች ልጄ? በመጨረሻ ምን አለች?» ብላ እግሬን ያዘችኝ። እኔም፣ «ልጄን አደራ፣ እንዳታስለቅሷት አለች» አልኳት። ባለቤቴ በዚህ ቃል ነው የኖረችው። ልጅቷን ልናረዳት ይገባል ባልኩ ቁጥር፣ «እንዳታስለቅሷት ብላናለች እኮ» ትለኛለች። ከዚያ በላይ መሄድ አልችልም ነበር። ያ ቃል የልጄ አልነበረም፤ የኔ ነው። እዚያው ደጄ ላይ ቆሜ ከልቤ ያመጣሁት ነው።

ውሸት ደግሞ ሌላ ውሸት ይፈልጋል። ልጅቷ ስታድግ የሌሎች ልጆች እናቶች ከአረብ አገር በስልክ ፊታቸውን እያሳዩ ያወራሉ። የሷ ለምን አታወራም? አሠሪዎቿ ስልክ አይፈቅዱላትም አልን። ታዲያ ደብዳቤስ? ቀበሌ ለስብሰባ የጠራኝን አሮጌ ወረቀት ከኪሴ አወጣሁና ፊት ለፊቷ እንደ ደብዳቤ አነበብኩላት። «ልጄ ሆይ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ ቆጮ ናፈቀኝ።» ሳቀች። ሁለተኛ ክፍል ገብታ ማንበብ ስትጀምር፣ «አሳየኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ እውነተኛ ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ። ጻፍኩ። በሰው እጅ ያጻፈችው ነው እያልኩ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ። ከተማውን ፈጠርኩላት፣ የምትሠራበትን ቤት ፈጠርኩላት፣ በረንዳው ላይ የሚያርፉ ርግቦች ሳይቀሩ። እግዜር ይይልኝ፤ ስጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ልጄ በሕይወት ያለች የሚመስለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ወደ ካርቶኖቹ ልመለስ።

መምህርቷ ወደ ግጥሙ ስትደርስ ግጥም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም አለች። የሥራ ዘፈን አለ፣ የሠርግ አለ፣ እሽሩሩ አለ፣ ቀረርቶ አለ፣ ሙሾ አለ። «ከቤታችሁ አንዳንድ ይዛችሁ ኑ፤ እናት አያት ጠይቁ» ብላ ሰደደቻቸው። በሳምንቱ ልጆቹ ወረቀት ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። እያንዳንዱ ቆሞ ያነባል፣ ክፍሉ ዓይነቱን ይለያል፣ ልጁ ከሥሩ ይጽፍና ካርቶኑ ውስጥ ያስገባል። አንዱ ልጅ እሽሩሩ አምጥቶ ሲያነብ ሌሎቹ እንደ ሕፃን አለቀሱበት፤ ተናዶ ተቀመጠ።

የልጄ ልጅ ተነሣች። ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ አነበበች።

ቡናው ቀላ ልጄ፣ ቅርጫቱም ተሰቅሏል፤
ለቃሚዋ ጅማ፣ መመለሻው ጠፍቷል።

ይህን ግጥም አውቀዋለሁ። የባለቤቴ ነው። የሷ አያቶች ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ስታለቅስ በአማርኛ ነው የምታለቅሰው። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ ቆማ ይህን ስትል ሰው ሁሉ ተንሰቅስቋል። ከዚያ በኋላም ሰፌድ ላይ ጀንፈል ስትለቅም ለራሷ ሳታውቀው ታንጎራጉረዋለች። ልጅቷ ከዚያ ነው የሰማችው።

«ከማን ነው ያገኘሽው?» አለቻት መምህርቷ።

«ከእማማ። ቡና ስትለቅም ነው የምትለው።»

«እሺ፣ ምን ዓይነት ነው?»

ጠበቃዋ ማንም ሳይቀድማት ተነሣች። «የሥራ ዘፈን ነው። ቡና አለ፣ ቅርጫት አለ፣ ለቃሚ አለ። ሲሠሩም ነው የሚባለው።» ክፍሉ በሙሉ፣ የሥራ ነው፣ የሥራ ነው አለ።

መምህርቷ ግጥሙን ለራሷ ደገመችው። «ሥራ ላይ ቢሆኑ ቅርጫቱ እጃቸው ላይ ይሆን ነበር። ለምን ተሰቀለ? ለቃሚዋስ ለምን አትመለስም?» አለች። «ለኔ ሙሾ ይመስለኛል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ምንም የምታውቀው ነገር የለም፤ ዋጫ ያደገች ልጅ ናት። «አባባ፣ የባለቤትዎ ግጥም ነው። እርስዎ ይፍረዱን። የተለቀሰለት ሰው አለ?»

አርባ ልጅ አየኝ። ሰውየው ማነው፣ ቦታው የት ነው፣ እማኙ ማነው ብዬ ያስተማርኳቸው ልጆች። እማኙ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ዝናብ ቢመጣ ምን ነበረበት። አልመጣም።

«የሥራ ነው» አልኩ። «ቡና ሲለቀም የሚባል ነው።»

«ብያችሁ ነበር» አለች ጠበቃዋ።

የልጄ ልጅ አጎንብሳ ከግጥሙ ሥር የሥራ ዘፈን ብላ ጻፈች፤ ወረቀቷን አጣጥፋ ካርቶኑ ውስጥ አስገባችው።

ወደ ቤት ስንሄድ ዝናቡ ያኔ መጣ። ከአንድ ጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጬ በራሳችን ላይ ያዝኩት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ ሌሎቹ «እርስዎ» ነው የምትለኝ፤ ከበሩ ስንወጣ ግን ሁልጊዜ «አንተ» ናት፤ እኔ ነኝ እንደ አባት ያሳደግኳት። ያን ቀን ከበሩ ወጥተን፣ የባጃጁን ማቆሚያም አልፈን፣

«አባባ፣ እርስዎ ካስተማሩን ውስጥ አንድ ያልገባኝ አለ» አለችኝ።

«ምንድን ነው?»

«ለቃሚዋ ስም የላትም። ቦታ ግን አላት። ጅማ። እማማ አረብ አገር አላለችም።»

«ዝናቡ ይብረድ፣ ከዚያ እናወራለን» አልኳት።

«ዝናቡ አይበርድም ዛሬ።» ጥቂት ሄደች። ጫማዋ በጭቃ ከብዷል። «እናቴ አረብ አገር ናት የሚለው የትኛው ካርቶን ውስጥ ነው የሚገባው? ካርቶን የሌለው ነው እንዴ?»

ቅጠሉን ወደ እሷ ዘንበል አደረግኩት። ብዙ ነገር አልፎብኛል፤ እንደዚያ ቀን መንገዱ የረዘመብኝ ጊዜ ግን የለም። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም፤ ከእንሰቱ ቅጠል ሥር ወጥታ ለብቻዋ ዝናቡ ውስጥ ሄደች።

ቤት ገብተን እሷ ልብሷን ልትቀይር ስትገባ ባለቤቴን ወደ ጓሮ ጠራኋት። የሆነውን ነገርኳትና፣ «እሑድ እናረዳታለን» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ አደራ ልትበላ ነው?»

«አውቃለች እኮ። ከኛ አፍ ነው ያልሰማችው።»

«እንዳታስለቅሷት ነው ያለችው። ሌላ ምንም አላለችም ልጄ። ያን አንድ ቃል ነው የተወችልኝ» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። አልደፈርኩም። ወጣሁና ጎረቤቶቻችንን ዞርኩ። አጠገባችን ያሉት እትዬ፣ የእድራችን ጸሐፊ፣ ማንኪራ ያለችው እህቴ፤ ብዙ ሰው አልጠራሁም። እትዬ ስነግራቸው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። «እኛማ ስንጠብቅህ ነበር» ብቻ አሉኝ።

እሑድ ማለዳ መጡ። ነጠላቸውን እንደ ኀዘን አዘቅዝቀው፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ በአንድ ገብተው ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። ባለቤቴ ጥግ ላይ ፊቷን አዙራ ቁጭ አለች። ልጅቷ ከመኝታዋ ተነሥታ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሁሉንም አየቻቸው፤ የነጠላቸውን አያያዝ አየች። እህቴ ልትይዛት ተነሣች። ልጅቷ ግን አልወደቀችም። መጥታ እኔ ፊት ቆመች።

«ስሟን አውቃለሁ» አለች። «ቦታውንም አውቃለሁ። እማኙ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ከዚያ እህቴ ጮኸች፤ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እትዬ ልጅቷን አቀፏት። ለስድስት ዓመት የታፈነ ለቅሶ ነው፤ የልጅቷ ብቻ አይደለም፤ የሁላችን ነው። ትንሽ ጋብ ሲል ልጅቷ ከእትዬ ትከሻ ላይ ቀና ብላ፣ በዚያ ባለቀሰ ድምጿ፣

«ምን አለች?» አለችኝ። «መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

ባለቤቴ ከጥግ፣ «እንዳታስለቅሷት አለች፣ የኔ እናት። ልጄን አደራ አለች» አለቻት።

ልጅቷ ወደ እሷ አልዞረችም። እኔን ነው የምታየኝ። ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ የሚያምር ቃል ማምጣት አያቅተኝም ነበር። ልጅቷም እንደዚያ ያለ ቃል ቢሰጣት ዕድሜዋን ሙሉ ትይዘው ነበር። ግን እማኝ ነኝ ብያለሁ።

«አላለችም» አልኩ። «እሱን እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

ባለቤቴ ቀስ ብላ ዞረች።

«ያን ቀን ጠዋት ጅማ ደመና ነበር» አልኩ። «በመስኮቱ አየችውና፣ ቦንጋም ዘንቦ ይሆናል፤ ቡናው ውጭ ነው፣ ዝናብ እንዳይመታው ንገሯቸው አለች። ከዚያ ውሃ ጠየቀችኝ። ውሃ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ አልፋ ነበር። በሰዓቱ እንኳ አጠገቧ አልነበርኩም። ሌላ የለም። ልጄ ከዚህ ዓለም ስትሄድ የተናገረችው ስለ ቡና ነው ብዬ ለእናቷ እንዴት ልንገር ብዬ ነው።»

ባለቤቴ የምትጮህብኝ፣ ከቤት የምታስወጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ብታደርገውም ይገባኛል። እሷ ግን በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«አስገብቼው ነበር እኮ» አለች። «ሰማዩ ሲከብድ አይቼ፣ አንድም ሳይርስ፣ እኔው ራሴ አስገብቼው ነበር። ብትነግረኝ ኖሮ፣ አስገብቻለሁ ልጄ ብዬ አለቅስላት ነበር።»

ከዚያ ልጅቷ ከእትዬ እቅፍ ወጥታ ወደ አያቷ ሄደች፤ ሁለቱ ተያይዘው አለቀሱ። እኔ አልቀረብኩም። በሩ ላይ ቆምኩ። መቆም ነው የማውቀው።

ባለቤቴ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም። ምግቤን ታቀርባለች፣ ውሃዬን ታስቀምጣለች፤ ቃል የለም። አሁን ታናግረኛለች፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። አንዳንዴ ሰፌዷን ይዛ ተቀምጣ፣ በመሐል እጇን ታቆምና፣ «ንገሯቸው ነው ያለችው ወይስ ንገራቸው?» ትለኛለች። «ንገሯቸው» እላታለሁ። «እ» ትልና ወደ ቡናዋ ትመለሳለች። ይህን ስንት ጊዜ ጠየቀችኝ። ስድስት ዓመት በውሸቱ ኖራለች፤ እውነቱን ገና አሁን ነው የምትለምደው። የቀማኋት ይህን ነው፤ መመለስም አልችልም።

ልጅቷ ለቅሶዋን ከጨረሰች በኋላ ትምህርት ቤት ተመለሰች። አንድ ቀን የንባብ ክፍሉን ስጠርግ የግጥሙን ካርቶን ከፈትኩ። የሷ ወረቀት ላይኛው ላይ ነበር። የሥራ ዘፈን የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ ሙሾ ብላ ጽፋለች። ከሥሩ የእናቷን ሙሉ ስም፤ ከዚያ ጅማ፤ ከዚያ፣ እማኝ፣ አያቴ። ሌላ ምንም የለም።

ደብዳቤዎቹን ቤት ፈልጌ አጣኋቸው። ልጅቷ አቃጥላቸዋለች ብዬ አሰብኩ፤ አልጠየቅኳትም። የት እንዳሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ጠበቃዋ በክር የተሰፋ የወረቀት ጥራዝ ይዛ መጣችና ከጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን ከልብ ወለዱ ካርቶን ተውሼ አንብቤ ጨረስኩ» አለችኝ። «ጸሐፊው አልተጻፈበትም። ጽሑፉ እርስዎ መጽሐፍ ስንዋስ የሚጽፉበትን መዝገብ ይመስላል።»

አነሣሁት። የኔ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ሁሉም፣ በየተራቸው፣ ጠርዛቸው እኩል ተደርጎ በጥንቃቄ ተሰፍተዋል። የልጄ ልጅ መስኮቷ አጠገብ ተቀምጣ ትጽፋለች፤ ጆሮዋ ግን እኛ ዘንድ ነው።

«ወደድሽው?» አልኳት ጠበቃዋን።

«ርግቦቹን ወድጃቸዋለሁ። ግን መጨረሻው የለም እኮ። እናትየዋ ትመጣለች ወይስ አትመጣም?»

የልጄ ልጅ እርሳሷን አስቀመጠች።

«አትመጣም» አለቻት። «እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ጸሐፊውን አውቀዋለሁ» አለች፤ ተነሥታም ጥራዙን ከእጄ ወሰደችና መልሳ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠችው።